36 ዓመት የቆየ ማስታወሻ

እ.ኤ.አ. ጁን 17 ቀን 1946 በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ ከተማ የመኪና ስልክ ለሕዝብ ተከፈተ። መሣሪያው 36 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን የሚጫነው በመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ነበር። ተናጋሪው ቁልፍ ተጭኖ ያወራል፤ ለመስማት ይለቃል። መስመር የፈለገም ባዶውን እስኪያገኝ የሰው ወሬ ጆሮው መግባቱ አይቀርም።

የተፈቀዱት መስመሮች ስድስት ነበሩ። ጎን ለጎን ያሉት ሞገዶች እየተጠላለፉ ቢያስቸግሩ ግን ሥራ ላይ የዋሉት ሦስቱ ብቻ ናቸው። ማሰራጫው አንድና ኃይለኛ ስለሆነ አንዱ ሲያወራ መስመሩ በመላው ከተማ ይያዛል። ሦስት ሰው ካወራ አራተኛው ይጠብቃል።

በዲሴምበር 1947 የቤል ስልክ ኩባንያ ላቦራቶሪው ዳግላስ ሪንግ ከባልደረባው ሬ ያንግ ጋር የመከረበትን መፍትሔ በውስጥ ማስታወሻ አሰፈረ። ሐሳቡ ማሰራጫውን ማድከም ነው። ከተማው ሴል ወደሚባሉ ባለ ስድስት ጎን ክፍሎች ይከፈላል፤ ጎረቤታም ሴሎች የተለያየ ፍሪኩዌንሲ ይይዛሉ፤ ራቅ ያለው ሴል ግን ያንኑ ፍሪኩዌንሲ መልሶ ይጠቀማል። እስከዚያ ድረስ የመስመር እጥረት የነበረው ጉዳይ የርቀት ጥያቄ ሆነ።

ሐሳቡ ለንግድ እስኪበቃ 36 ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወራት ብቻ ቀሩት። ለመዘግየቱ ብዙዎች የሚወቅሱት ሞገዱን ለቴሌቪዥን ያደላውን የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ነው። ወቀሳው መሠረት አለው፤ ሙሉ ግን አይመስለኝም። መኪናው ከሴል ወደ ሴል ሲሻገር ንግግሩ ሳይቋረጥ የሚያስተላልፍ የስልክ ማዞሪያ በ1947 አልነበረም። በኮምፒውተር ፕሮግራም የሚመራው የቤል ማዞሪያ ሥራ የጀመረው በ1965 ነው። ማዞሪያው ከመጣ በኋላም የኒው ዮርክ የመኪና ስልክ ደንበኞች ግን እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ በ12 መስመር ይሻሙ ነበር፤ ደንበኞቹ ከ550 አይበልጡም፣ ተራ ጠባቂው ከ3,000 በላይ ነው።

ጆኤል ኤንግል፣ ሪቻርድ ፍሬንኪልና ፊሊፕ ፖርተር ያዳበሩት ዕቅድ በ1971 መጨረሻ ለኮሚሽኑ ቀረበ። የሚያከራክረው አንድ ፍሪኩዌንሲ በምን ያህል ርቀት ይደገም የሚለው ነበር። መልሱ ከሒሳብ ብቻ አልተገኘም። ሰዎች እየተጠላለፈ የሚሰማ ድምፅ ሰምተው ጥራቱን እንዲፈርዱ ተደረገ። የተፈለገው ሞገድ ከሚጠላለፈው 60 እጥፍ ገደማ ሲበረታ አብዛኞቹ ጥሩ ነው አሉ። በዚህ ፍርድ ላይ የተመሠረተው ስሌት ፍሪኩዌንሲዎቹ ለሰባት ሴሎች እንዲከፋፈሉ አስገደደ።

በኦክቶበር 13 ቀን 1983 ቺካጎ ላይ ንግዱ ሲጀመር ለአንድ ኩባንያ የተመደበው 333 መስመር ነበር፤ ለሰባት ሲካፈል ለአንድ ሴል ከ47 ብዙ አይበልጥም። ደንበኛ ሲበዛ ሴሉን ወደ ትናንሽ ሴሎች መክፈል የግድ ሆነ። ኮሚሽኑ በ1986 ተጨማሪ ሞገድ ቢፈቅድም ትልልቅ ከተሞችን አላጠገበም። ያኔ መጀመሪያ ሰፊ ቦታ እንዲሸፍኑ ከፍታ ላይ የተተከሉት አንቴናዎች ሩቅ ድረስ እየተሰሙ ሌሎች ሴሎችን ስለረበሹ፣ መሐንዲሶች አንዳንዶቹን ወደ መሬት አዘነበሉ፤ ሌሎቹንም ከከፍታ አወረዱ።