ከቆቦ እስከ ሸገር

ከቆቦ አዲስ አበባ ለመግባት ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ይጠይቃል። መንገዱ ሮቢት፣ ጎብዬ፣ ወልድያ፣ ውጫሌ፣ ሐይቅ፣ ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ከሚሴ እያለ ይቀጥላል። በቆቦ ቆላ ተወልዶ ያደገው የራያ ሰው ጣርማ በር ሲደርስ ጋቢውን ጠበቅ አድርጎ ይከናነባል፤ ቆቦ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትሆን ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር ያልፋል።

ጣሊያን ይህን መንገድ የሠራው ለራያ ገበሬ አስቦ አልነበረም። ከ1928 ዓ.ም. ወረራ በኋላ አስመራን ከአዲስ አበባ ያገናኘው ለጦሩና ለስንቁ ሲል ነው፤ የጣርማ በርንም ዋሻ ለዚሁ ፈለፈለው። ወራሪው በ1933 ተባረረ፤ መንገዱ ግን ቀረ። በእግርና በበቅሎ ብዙ ቀን ይፈጅ የነበረው ጉዞ ለመኪና ተመቸ፤ ቆቦም የመንገደኛ ከተማ ሆነች።

ከዚህ መንገድ ታሪክ ሁሉ የሚከብደው የ1965ቱ ረሃብ ነው። ዝናብ ጠፍቶ፣ ከብት አልቆ፣ የወሎ ገበሬ ከየመንደሩ ወደ አስፋልቱ ወረደ። አውቶቡስና መኪና እያስቆመ እህል ለመነ። የራያና ቆቦ አውራጃ ክፉኛ ከተጎዱት አንዱ ነበር። በታኅሣሥ ገደማ አንድ ሺህ ያህል የወሎ ስደተኞች በዚሁ መንገድ አዲስ አበባ ደርሰው ቀይ መስቀል ተቀበላቸው። ዋና ከተማቸውን ያዩት እንዲህ ሆነው ነው፤ እንግዳ ሆነው ሳይሆን ተርበው። በዚያው ዓመት የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ወርደው ያነሱትን ፎቶግራፍ ለተማሪዎች አሳዩ። በጥቅምት 1966 ደግሞ የጋዜጠኛው የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም ረሃቡን ለዓለም ገለጠው።

ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን በ1981 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባሳተመው መጽሐፍ የጻፈው ደግሞ ያንገበግባል፦ በረሃቡ ወቅት ከወሎ ወደ አዲስ አበባና አስመራ እህል ይወጣ ነበር። ገበሬው የሚገዛበት ገንዘብ ስላልነበረው እህሉ ገንዘብ ወዳለበት ሄደ። ሕዝቡ እጁን ዘርግቶ የቆመበት ያው መንገድ ነው እህል ይዞ የወጣው።

ቆቦ በሐምሌ 2013 እና በነሐሴ 2014 በሰሜኑ ጦርነት ከመንግሥት ኃይሎች እጅ ስትወጣም ነዋሪው ወደ ደቡብ የተሰደደው በዚሁ አስፋልት ነው፤ ብዙው ወልድያና ደሴ ላይ ተጠልሏል።