ዮሐንስ፦ አገር ለአገር የዞረ ስም

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንድ ስም ነው። ስሙ ዮሐንስ ነው። በብዙ መንደር አንድ ዮሐንስ አይጠፋም። ለመሆኑ ይህ ስም ከወዴት መጣ?

መነሻው የዕብራውያን ቋንቋ ነው። በዕብራይስጥ ዮሐናን ይባላል። ትርጓሜውም «እግዚአብሔር ጸጋን ሰጠ» ማለት ነው። ግሪኮች ስሙን ሲወስዱ «ሐ»ን ጣሏት፤ በመካከል የምትሰማ እንዲህ ያለች ድምፅ በቋንቋቸው የለችምና። በመጨረሻው ደግሞ እንደ ብዙዎቹ የወንድ ስሞቻቸው «ስ»ን ጨመሩበት። ወንጌል ወደ ግዕዝ የተመለሰው ከግሪክኛ ስለሆነ፣ የእኛም ዮሐንስ በ«ስ» ይጨርሳል።

ከዚያ ወዲያ ስሙ አገር ለአገር ዞረ። እንግሊዞች ጆን፣ ፈረንሳዮች ዣን፣ ጣሊያኖች ጆቫኒ፣ ሩሲያውያን ኢቫን ይሉታል። ጀርመኖች አሳጥረው ሃንስ ይላሉ። ዐረብ ክርስቲያኖች ዩሐና ይሉታል። በቁርዓን ያህያ የተባለውም ይኸው የዘካርያስ ልጅ ነው።

በአገራችን መስከረም 1 ቀንን ቅዱስ ዮሐንስ እንላለን። ደጃዝማች ካሳ ምርጫም በ1864 ዓ.ም. አክሱም ላይ ሲነግሡ አፄ ዮሐንስ 4ኛ ተባሉ። በ1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ቆስለው እስኪያርፉ ድረስ የገዙት በዚሁ ስም ነው።

ወንጌል እንደሚያወራው፣ መጥምቁ ሲወለድ ዘመዶች በአባቱ ስም ሊጠሩት ፈለጉ። አባቱ ዘካርያስ አንደበቱ ተይዞ ነበር። ሰሌዳ ለምኖ ዮሐንስ ብሎ ጻፈ። መናገር ቢያቅተው በጽሕፈት የልጁን ስም አዳነ።

እኔም አንድ እናት አስተምር ነበር። ልጃቸው ዮሐንስ ይባላል። ማንበብ በጀመሩ ሰሞን የልጁን የክትባት ካርድ ይዘው መጡ።

«አስተማሪ፣ እስቲ ይዩልኝ። ሐመሩ ሐ የት ሄደ?» አሉኝ።

ባየው «ዮናስ» ይላል። ዮናስ እኮ ሌላ ስም ነው፤ ትርጓሜው ርግብ ማለት ነው። ካርዱ ሦስት ዓመት ሙሉ ሣጥናቸው ውስጥ ተቀምጦ ነበር። በማግሥቱ ወስደው አሳረሙት።

ውድ አድማጮች፣ ዛሬ ማታ ደብተራችሁን አውጡ። የራሳችሁን ስም፣ የአባታችሁንና የልጆቻችሁን ስም ጻፉ። ከዚያ በቤታችሁ ካለው ወረቀት ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩት። ስሙን ማን እንዳወጣውና ትርጓሜው ምን እንደሆነም ሽማግሌ ጠይቁ። በደኅና ሰንብቱ!