ከጠረጴዛ ወደ መዳፍ፦ የኤሌክትሮኒክስ መለኪያ መሣሪያ ታሪክና የተማሪው እጅ



ዛሬ የምናገረው ከመዳፍ ብዙም ስለማትበልጥ አንዲት ሳጥን ነው። ከላፕቶፕ ጋር የምትገናኘው በዩኤስቢ ገመድ ነው፤ የምትሠራበትን ኃይልም የምታገኘው ከዚያው ገመድ ነው። በአንድ ጎኗ በቀለም የተለዩ ቀጫጭን ሽቦዎች ይወጣሉ። በውስጧ ባለ ሁለት ቻናል ኦስሲሎስኮፕ፣ ባለ ሁለት ቻናል ሲግናል ጀነሬተር፣ 16 ዲጂታል መስመሮች፣ እንዲሁም አነስተኛ የፖዘቲቭና የኔጌቲቭ ፓወር ሰፕላይ አሉ። ዲጂለንት የተባለው ኩባንያ «አናሎግ ዲስከቨሪ» ብሎ ሰይሟታል። በገበያው ላይ መሰሎቿ ብዙ ናቸው፤ እርሷን የመረጥኩት የዘርፉ ታሪክ በአንድ ቦታ ተጠቃሎ ስለሚታይባት ነው።

የማነሣው ጥያቄም የታሪክ ጥያቄ ነው። ሰፊ ጠረጴዛ ይሞሉ የነበሩ መሣሪያዎች መዳፍ ላይ ሊያርፉ የቻሉት እንዴት ነው? በዚህ ጉዞ ተማሪው ያገኘው ምንድን ነው? ከዓይኑ የተሰወረውስ? መሣሪያዋን «ትንሽ ኦስሲሎስኮፕ» ብሎ የሚቀበል ተማሪ ከመነሻው ይሳሳታል። ከመጠኗ ይልቅ የተለወጠው መለኪያውን የሚይዘው እጅ ነው፤ ስሕተቱን የሚያየው ዓይንም አብሮ ተለውጧል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ላስታውስ።

በ1897 በስትራስቡርግ ያስተምር የነበረው ካርል ፈርዲናንድ ብራውን የካቶድ ጨረርን ፎስፈር በተቀባ ስክሪን ላይ እንዲያርፍ አድርጎ፣ ተለዋዋጭ የኤሌክትሪክ ጅረት ጨረሩን ሲያወዛውዘው ለማየት ቻለ። ጨረሩ የሚንቀሳቀሰው ግን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነበር። ጊዜን በአግድም ለመዘርጋት ብራውን የሚሽከረከር መስታወት አጠገቡ አቆመ። ከሁለት ዓመት በኋላ ረዳቱ ዮናታን ዜኔክ ጨረሩ ራሱ በአግድም እንዲጓዝ አደረገ፤ ዛሬ በስክሪን ላይ የምናየው የቮልቴጅና የጊዜ ሥዕል መሠረቱ ይኸው ነው። ይሁንና ለቀጣዮቹ በርካታ ዐሥርት ዓመታት መሣሪያው ማሳያ እንጂ መለኪያ አልነበረም። የሞገዱን መልክ ያሳያል፤ ስንት ቮልት፣ ስንት ማይክሮሰከንድ እንደሆነ ግን በእርግጠኝነት አይናገርም።

ይህን የለወጠው በ1946 በፖርትላንድ፣ ኦሪገን የተመሠረተው ቴክትሮኒክስ ነው። ሃዋርድ ቮለምና ጃክ መርዶክ በ1947 ያወጡት ሞዴል 511 ዋጋው 795 ዶላር ነበር። በዚህ ላይ ትንሽ እንድቆይ ፍቀዱልኝ፤ ተማሪዎቻችን እስከ ዛሬ የሚቸገሩበት ነገር እዚህ ነውና። በቀደሙት ኦስሲሎስኮፖች ጨረሩ ከግራ ወደ ቀኝ ያለማቋረጥ ይመላለስ ነበር። ሥዕሉ እንዲረጋ ከተፈለገ የጨረሩ ምልልስና የሲግናሉ ድግግሞሽ እስኪጣጣሙ ድረስ ሠራተኛው ማዞሪያውን ሲያዞር ይውላል። በማይደጋገም ክስተት ላይ ደግሞ ዘዴው ፈጽሞ አይሠራም። የ511 ጨረር ግን ይጠብቃል። ሲግናሉ የተወሰነ የቮልቴጅ ደረጃ ሲያልፍ ብቻ ጉዞውን ይጀምራል፤ ጉዞውን ጨርሶም ተመልሶ ይጠብቃል። ትሪገር የምንለው ይህንን ነው። በዚህ ላይ ሁለቱም መስመሮች በቮልትና በሰከንድ የተለኩ ስለነበሩ፣ ማየትና መለካት አንድ ሥራ ሆኑ።

ከዚህ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ በካሊፎርኒያ ሌላ ነገር ተከናውኖ ነበር። ዊልያም ሂዩሌት በስታንፎርድ በሠራው ጥናት ላይ ተመሥርቶ፣ እርሱና ዴቪድ ፓካርድ በ1939 የድምፅ ኦስሌተር መሸጥ ጀመሩ። የአጠቃላይ ዲዛይኑ ቁልፍ አንዲት ተራ አምፖል ናት። ሞገዱ ሲጎላ የአምፖሏ ክር ይግላል፤ ሲግል ሬዚስታንሱ ይጨምራል፤ ሬዚስታንሱ ሲጨምር የማጉያው ኃይል ይቀንስና ሞገዱ ወደ ልኩ ይመለሳል። መሣሪያው በዚህ ብልሃት ከተፎካካሪዎቹ በብዙ ረከሰ፤ የመጀመሪያው ሞዴል ዋጋ 54 ዶላር ከ40 ሳንቲም ነበር። የዋልት ዲዝኒ ስቱዲዮ ለፋንታዚያ ፊልም ድምፅ ሥራ የተሻሻለውን ሞዴል ስምንት ገዝቷል። የዋጋ መርከስ በራሱ የሳይንስ ታሪክ ክፍል መሆኑን የምንዘነጋ ሰዎች ይህችን አምፖል ማሰብ ይጠቅመናል።

እንዲህ እንዲህ እያለ የምህንድስና ትምህርት የራሱን ጠረጴዛ አገኘ፦ ኦስሲሎስኮፕ፣ ሲግናል ጀነሬተር፣ ፓወር ሰፕላይ፣ መልቲሜትር። አራቱም ውድና ከባድ ስለነበሩ ክፍል ተሠራላቸው፤ ክፍሉ ቁልፍ፣ ቁልፉ ኃላፊ፣ ኃላፊው የሰዓት ድልድል አስከተለ። ከዚያም ቡድን መጣ። በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አምስት ስድስት ተማሪ የቆመበትን ቤተ ሙከራ የማታውቁ እዚህ ያላችሁ አይመስለኝም። አንዱ ማዞሪያውን ይይዛል፤ አንዱ ይጽፋል፤ የቀሩት በትከሻ ላይ አሻግረው ያያሉ። በሴሚስተሩ መጨረሻ ሁሉም አንድ ዓይነት ሪፖርት ያስረክባሉ። መሣሪያውን የነካው ግን ያው አንዱ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ደፍሮ እጁን የዘረጋው ተማሪ ነው። ዝም ያለችው ተማሪ ከእርሱ ያነሰ ታውቃለች ለማለት ምንም ማስረጃ የለንም። ቢሆንም እርሱ ተለማምዶ ይወጣል፤ እርሷ ሪፖርት ጽፋ ትወጣለች።

ይህን ሥርዓት ለማፍረስ ሁለት መንገዶች ተሞክረዋል፤ ሁለቱም ከአሜሪካ የመጡ ናቸው።

የመጀመሪያው በ1998 በኤምአይቲ በሄሱስ ደል አላሞ የተጀመረው አይላብ ነው። መሣሪያው ባለበት ይቀመጣል፤ ተማሪው በኢንተርኔት ከሩቅ ያዝዘዋል። ሐሳቡ ወደ አህጉራችንም ዘልቆ በናይጄሪያው ኦባፌሚ አዎሎዎ፣ በዳሬ ሰላምና በኡጋንዳው ማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲዎች ሥራ ላይ ውሏል። ውድ መሣሪያን ለብዙ ሺህ ተማሪ ያዳርሳል፤ በዚህ ረገድ አከብረዋለሁ። ነገር ግን ከሩቅ የሚያዝዝ ተማሪ ሽቦ አሳስቶ መሰካት አይችልም፤ አሳስቶ ያልሰካ ተማሪም የማስተካከል ልምድ አያገኝም። በዚያ ላይ ሙከራው በሙሉ በኢንተርኔት መስመሩ ጥንካሬ ላይ ይንጠለጠላል።

ሁለተኛው መንገድ መሣሪያውን ራሱን ማሳነስ ነበር። ለዚህ መሬቱን ያደላደሉ ነገሮች ቀድመው ተሠርተዋል። ናሽናል ኢንስትሩመንትስ በ1986 ላብቪው የተባለውን ሶፍትዌር ሲያወጣ፣ የመለኪያ መሣሪያ ፊትና አእምሮ ኮምፒውተር ውስጥ ሊሆን እንደሚችል አሳይቷል። ዩኤስቢ በ1996 ወጣ፤ በ2000 የመጣው ሁለተኛው ትውልድ ደግሞ በሰከንድ 480 ሜጋቢት ያስተላልፋል፤ በ5 ቮልት እስከ 500 ሚሊአምፒርም ይሰጣል። 2.5 ዋት መሆኑ ነው። በዚህ በጀት ውስጥ ላብራቶሪ ማስገባት ይቻላል ብለው ከተነሡት አንዱ በኒውዮርክ ግዛት በሬንሰሌር ፖሊቴክኒክ የዶን ሚላርድ «ሞባይል ስቱዲዮ» ነበር። ከተባባሪዎቹ መካከል ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ይገኝበታል፤ ዶክተር መላኩ በያን ሕክምና የተማሩበት ያው ሃዋርድ። አናሎግ ዲቫይስስና በዋሽንግተን ግዛት የሚገኘው ዲጂለንት ሐሳቡን ወደ ገበያ አምጥተው በ2012 አናሎግ ዲስከቨሪን አወጡ፤ የታለመውም ተማሪ በመማሪያ መጽሐፍ ዋጋ አካባቢ የራሱ አድርጎ እንዲገዛት ነበር። በኋላ በሃዋርድ አስተባባሪነት 13 የጥቁር አሜሪካውያን ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርታቸውን በእንዲህ ዓይነት የግል መሣሪያ ዙሪያ አዋቅረዋል። ከአይላብ ይልቅ ለእኛ የሚቀርበው ልምድ ይህ ይመስለኛል፤ የእነርሱም መነሻ የመሣሪያና የክፍል እጥረት ነበርና።

አሁን ወደ ሳጥኗ ውስጥ እንግባ። መሣሪያዋ በሰከንድ እስከ 100 ሚሊዮን ናሙና ትወስዳለች፤ እያንዳንዱ ናሙና 14 ቢት ነው። ይህ ለአንድ ቻናል በሰከንድ 1.4 ጊጋቢት ይሆናል። የዩኤስቢው ቧንቧ ደግሞ በወረቀት ላይ እንኳ 480 ሜጋቢት ብቻ ነው። ወንዙ በቧንቧው አያልፍም። ስለዚህ ሳጥኗ ናሙናዎቹን በራሷ ማኅደር ታጠራቅምና ቀስ ብላ ትልካቸዋለች። በተለመደው አወቃቀር ለአንድ ቻናል 8,192 ናሙና ይያዛል፤ በሙሉ ፍጥነት ይህ 82 ማይክሮሰከንድ ያህል ነው። በላፕቶፑ ላይ የምታዩት ሥዕል እንግዲህ ክፍት መስኮት አይደለም፤ በየመካከሉ ክፍተት ያለባቸው ተከታታይ ፎቶግራፎች ናቸው። በፎቶግራፎቹ መካከል የሆነውን ማንም አላየም። የትኛው ቅጽበት እንደሚነሣ የሚወስነው ደግሞ የቮለም ትሪገር ነው። በ1947 በቫኪዩም ቲዩብ የተሠራው ሐሳብ ዛሬ በአንዲት ቺፕ ውስጥ ያንኑ ሥራ ይሠራል፤ ሶፍትዌሩን ከፍቶ «አውቶ» የሚለውን ብቻ እያየ የሚያልፍ ተማሪ የመሣሪያውን ልብ ሳይነካ ያልፋል።

እንግዲህ ጀማሪው በምን ይጀምር? ዌቭፎርምስ የተባለው ሶፍትዌር በነጻ ይገኛል፤ ያለ መሣሪያም በማሳያ ሁነታ ይሠራልና ሳጥኗ ያልደረሳችሁ ከዛሬ ማታ ጀምሮ ልትለማመዱበት ትችላላችሁ። ሳጥኗ ስትደርሳችሁ መጀመሪያ ራሷን ከራሷ ጋር አገናኙ። ቢጫው ሽቦ የአንደኛው ጀነሬተር መውጫ ነው፤ ብርቱካናማው የአንደኛው ቻናል ፖዘቲቭ መግቢያ፣ ብርቱካናማና ነጩ ኔጌቲቭ መግቢያው ነው። ቢጫውን ከብርቱካናማው፣ ብርቱካናማና ነጩን ከጥቁሩ ግራውንድ ጋር አያይዛችሁ የ1 ኪሎኸርትዝ ሞገድ ላኩ። የላካችሁት ተመልሶ ከታየ በኋላ ያልላካችሁትን ፈልጉ፦ ብርቱካናማውን ነቅላችሁ ጫፉን በጣታችሁ ንኩ። በግድግዳው ውስጥ ካለው መስመር በሰውነታችሁ በኩል የመጣ ሞገድ ታያላችሁ። አንዱ ዙር 20 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፤ 50 ኸርትዝ ነውና። የሬንሰሌር ተማሪ ይህንኑ ቢያደርግ 16.7 ሚሊሰከንድ ያገኛል። መብራት በጠፋ ጊዜ በባትሪ ሞክሩትና ምን እንደሚቀር ተመልከቱ፤ መብራት መጥፋቱ ለአንድ ሙከራ እንኳ ይጥቀመን።

በዚህ ጣልቃ ስለ ሶኬት አንድ ነገር በጥብቅ ልናገር። የመግቢያዎቹ ገደብ ወደ 25 ቮልት ገደማ ነው። የሶኬታችን 220 ቮልት ከፍተኛ ጫፉ 311 ቮልት ይደርሳል። ከዚህም የሚብሰው፣ የሳጥኗ ግራውንድ በዩኤስቢው በኩል የላፕቶፑ ግራውንድ መሆኑ ነው፤ ላፕቶፑ ደግሞ እጃችሁ ሥር ነው። የቀድሞው ከባድ መሣሪያ ቢያንስ መልኩ ያስፈራ ነበር፤ ይህች አሻንጉሊት ስለምትመስል አታስፈራም። ሶኬት ውስጥ ያለውን ለማየት ፈጽሞ አትሞክሩ።

አናሎግ ዲስከቨሪ ከቀደሙት መሣሪያዎች የወረሰችው አንድ ባሕርይም አለ፤ የምትለካውን ትለውጣለች። መግቢያዋ የ1 ሜጋኦም ሬዚስታንስ አለው። ናሙና መውሰዷም የራሱን ሐሰት ሊፈጥር ይችላል፦ የናሙናውን ፍጥነት በሰከንድ 10,000 አድርጋችሁ፣ አማካይ የመውሰዱን ስልት አጥፍታችሁ፣ የ9,900 ኸርትዝ ሞገድ ብትልኩ በስክሪኑ ላይ ጥርት ያለ የ100 ኸርትዝ ሞገድ ይታያችኋል። በቡድን ጠረጴዛ ላይ ይህ ቢከሰት አንዱ «መሣሪያው ተበላሽቷል» ብሎ ማዞሪያውን ያዞርና ነገሩ ያልፋል። ብቻውን የተቀመጠ ተማሪ ግን የሚያሳብብበት ሰው የለውም፤ እስኪገባው ድረስ ከስሕተቱ ጋር ይቀመጣል። የግል መሣሪያን አስፈላጊነት ስከራከር ዋናው ማስረጃዬ ከዋጋው ይልቅ ይህ ብቸኝነት ነው። ለመምህሩ ደግሞ ሥራ ይጨምራል፤ አንድ ዓይነት ሪፖርት ከሚቀበልበት ጊዜ ይልቅ አርባ ልዩ ልዩ ስሕተት ማረም ይከብዳልና። የሥራ ባልደረቦቼ የምታቀርቡትን ቅሬታ በከፊል የምቀበለው በዚህ ምክንያት ነው።

ለሐሙስ የተግባር ክፍለ ጊዜ ላፕቶፓችሁን ባትሪ ሞልታችሁ ኑ። በየብሬድቦርዱ ላይ ሁለት ባለ 1 ሜጋኦም ሬዚስተሮች በተከታታይ ተያይዘው ይጠብቋችኋል፤ 5 ቮልት ትሰጧቸውና በመካከላቸው ያለውን ቮልቴጅ ትለካላችሁ። ስሌቱ 2.5 ነው። መሣሪያዋ 1.67 ገደማ ትላለች። ብሬድቦርዱን ከመንካታችሁ በፊት ምክንያቱን በወረቀት ላይ ጽፋችሁ፣ ስማችሁን አስፍራችሁ አስረክቡ፤ በዚህ ሳምንት ቡድን የለም።