ስድስት ጎማ ያለው ጀልባ

በ1960ዎቹ መገባደጃ ላይ ኦሳሙ ታኬኡቺ የተባለ የሆንዳ መሐንዲስ ከባድ የቤት ሥራ ተሰጠው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው)። በአሜሪካ ያሉ የሆንዳ ነጋዴዎች በረዶ በጣለ ቁጥር ሞተር ብስክሌት የሚገዛ ሰው ያጡ ነበርና፣ ብርድ ሲገባም የሚሸጥ ነገር ይሠራልን አሉ። ታኬኡቺ ባለሁለት ጎማ ሞከረ፤ ባለሦስት፣ ባለአራት፣ ባለአምስት፣ አልፎ ተርፎም ባለስድስት ሞከረ። ሦስቱ ጎማ እንደሚያዋጣ ቢታየውም፣ የለመደው ቀጭን ጎማ በረዶውንና ጭቃውን እየቆፈረ ራሱን ይቀብራል። መላው የተገኘው እዚያው አሜሪካ ውስጥ፣ አምፊካት በሚባል ግራ የሚያጋባ ተሽከርካሪ ላይ ነው። አምፊካት ስድስት ጎማ የተገጠመለት የፕላስቲክ ገንዳ ነበር፤ የብስም ውሃም ላይ ይሄዳል። የሆንዳን ሰዎች ዓይን የሳበው መንሳፈፉ ሳይሆን 20 ኢንች የሆኑት ድቡልቡል ጎማዎቹ ናቸው፤ አየራቸው በጣት የሚጫኑት ያህል ጥቂት ነው። ታኬኡቺ ሐሳቡን ወሰደና ጎማውን 22 ኢንች አደረገው። በ1970 ዩኤስ 90 የተባለችው ባለሦስት ጎማ በ595 ዶላር ለገበያ ቀረበች። በማግሥቱ ዓመት ጄምስ ቦንድ ራሱ “ዳይመንድስ አር ፎርኤቨር” በተባለው ፊልም ላይ ነዳት።

ጎማውን ያበደረው አምፊካት ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከገበያ ጠፋ። ጎማውን የተበደሩት ግን የዓለምን ገጠር አጥለቀለቁት። ዛሬ “ኤቲቪ” ሲባል ሁሉም ሰው የሚያስበው ፈረስ ላይ እንደሚቀመጡ እግር አንፈራጠው የሚቀመጡበትን ማሽን ነው፤ ስሙ በመጀመሪያ የወጣው ለእነዚያ ለተንሳፋፊዎቹ እንደነበር የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ገበያው የረሳቸውን እነዚህን ማሽኖች እስከ ዛሬ ያልረሳቸው ጭቃ ነው።

ጭቃን ለጨዋታ መፈለግ ከአምፊካት ይቀድማል። በደቡብ ፍሎሪዳ ኤቨርግሌድስ የሚባል ግዙፍ ረግረግ አለ። ዳርቻው ላይ ባለችው በኔፕልስ ከተማ የሚኖሩ አዳኞች ወደ ረግረጉ ሲዘልቁ ተራ መኪና አልሆን አላቸው። በ1930ዎቹ ኤድ ፍራንክ የተባለ መካኒክ ከአሮጌ መኪና አካላት ትልልቅ ጎማ ያለው፣ ከመሬት ከፍ ያለ ማሽን ገጣጠመና “ታምብል ባግ” አለው። ሌሎቹም ተከተሉት፤ ስዋምፕ ባጊ የሚባለው ዘር እንዲህ ተፈጠረ። አዳኝ ባለበት ፉክክር አይቀርም፤ የአደን ወቅት ሊከፈት ሲል የማን ማሽን ይበልጣል እየተባለ ከርሞ በ1949 ይፋዊ ውድድር ተጀመረ። መወዳደሪያው “ማይል ኦ መድ” ይባላል፤ የጭቃ ማይል ማለት ነው። ከጉድጓዶቹ ሁሉ ክፉው “የሲፒ ጉድጓድ” ነው፤ ሲፒ ሞሪስ የሚባል ተወዳዳሪ በመጣ ቁጥር እዚያው እየተቀረቀረ ስላስቸገረ ስሙ ጸናበት። በሰው ስም የተሰየመ ድልድይና ትምህርት ቤት ሞልቷል፤ በመቀርቀሩ ብዛት ስሙ ለመታሰቢያ የቀረ ግን ከሲፒ ሌላ አልሰማሁም። ውድድሩ ሲያበቃ አሸናፊው የቁንጅና ንግሥቲቱን አቅፎ ጭቃው ውስጥ ይዟት ይገባል። ንግሥቲቱ ዘውዷን ስትቀበል ይህንንም አውቃ ነው።

ስዋምፕ ባጊ ጭቃን የሚረታው በቁመቱ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ካናዳዊው ጆን ጋወር የተነሣበት ሐሳብ ግን የዚህ ግልባጭ ነበር። “ጂገር” ብሎ የሠራት ባለስድስት ጎማ ማሽን አጭርና ቀላል ናት፤ ሆዷ ውሃ አያስገባም። ጭቃው ከጠለቀ ትንሳፈፋለች፣ ደረቅ ካገኘች ትሄዳለች። በእርግጥ የብስና ውሃን ማጣመር አዲስ ነገር አልነበረም። አሜሪካኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት “ደክ” የተባለውን ባለስድስት ጎማ የጭነት መኪና ከ20,000 በላይ ሠርተው ከመርከብ ወደ ባሕር ዳርቻ ዕቃ አመላልሰውበታል፤ ሹፌሩም ከመቀመጫው ሳይነሣ የጎማውን አየር መቀነስና መጨመር ይችል ነበር። ለስላሳ ጎማም ቢሆን ቀዳሚ አለው። ዊሊያም አልቢ የተባለ በአላስካ ያስተምር የነበረ ሰው፣ የአካባቢው ተወላጆች ከባድ ጀልባ በተነፋ የባሕር አቆስጣ ቆዳ ላይ እያንከባለሉ ወደ ዳርቻ ሲያወጡ ተመልክቶ፣ በ1950ዎቹ መጀመሪያ “ሮሊጎን” የሚባለውን እንደ ከረጢት የተነፋ ግዙፍ ጎማ ፈለሰፈ። የጋወር ድርሻ ይህን ሁሉ አንድ ተራ ሰው ከመኪናው ኋላ ጎትቶ ሊወስደው ወደሚችል መጠን ማውረዱ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው የወርቅ ጥድፊያ ዓይነት ነው። ኒው ሃምበርግ በምትባል የኦንታሪዮ ከተማ ያለው ኦንታሪዮ ድራይቭ ኤንድ ጊር በ1967 “አርጎ”ን አወጣ። የትራክተር ሠሪው አሊስ ቻልመርስ እንኳ ሳይቀር “ቴራ ታይገር” ብሎ ገባበት። በኦሃዮ ራቬና ውስጥ “አቴክስ”፣ በኒውዮርክ ቡፋሎ ውስጥ “ማክስ” ተሠሩ። በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ በደርዘን የሚቆጠሩ ፋብሪካዎች ነበሩ። ብሔራዊ ማኅበር ተቋቁሞ ውድድር ይካሄድ ነበር፤ አንዳንዱ የበረዶ ሞተር ብስክሌት ሞተር ገጥሞ ጭቃውን ሰማይ ያደርሰዋል። ቴሌቪዥንም አልቀረለትም። በ1968 በጀመረው “ባናና ስፕሊትስ” በተባለው የልጆች ዝግጅት የእንስሳ ጭምብል ያጠለቁት አራቱ ሙዚቀኞች በአምፊካት ይፈነጩ ነበር፤ “ስፔስ 1999” የተባለው የእንግሊዞች ተከታታይ ፊልም ደግሞ ያንኑ ማሽን የጨረቃ መኪና አድርጎ አቅርቦታል። ይህን ፌዝ ነው ብሎ ያለፈ ተመልካች ይኖራል። ይሁንና ያው የአርጎ ፋብሪካ ከብዙ ዓመታት በኋላ ለካናዳ የጠፈር ኤጀንሲ “ጁኖ” የተባለ የጨረቃ ተሽከርካሪ ሙከራ ሞዴል ሠርቷል፤ የተሞከረውም በሃዋይ፣ በማውና ኬያ የእሳተ ገሞራ አፈር ላይ ነው።

ጥድፊያው ብዙ አልቆየም። ብዙዎቹ ማሽኖች ተቻኩለው የተሠሩ ነበሩ፤ ሰንሰለታቸው ይበጠሳል፣ ኩሽኔታቸው ውሃ ይገባዋል፣ ሞተራቸው ያጉረመርማል። በ1973 ነዳጅ ተወደደ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሆንዳ ያችን ርካሽ ባለሦስት ጎማ ይዞ መጣ። እሷም ብትሆን ዕዳዋን ከፍላለች፤ እየተገለበጠች ብዙ ሰው፣ በተለይ ልጆች ስለጎዳች፣ አምራቾቹ በ1988 ከአሜሪካ መንግሥት ጋር ተስማምተው ባለሦስቱን መሸጥ አቆሙ። በቦታዋ ባለአራት ጎማው ነገሠ። ከተንሳፋፊዎቹ ወገን ዘመኑን የተሻገሩት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ አርጎ ዋናው ነው።

ታዲያ ጭቃ ለምን አልረሳቸውም? እዚህ ላይ ወደ ማሽኑ ሆድ መግባት ያስፈልጋል።

ባሌስትራ የለው፣ አሞርዛተር የለው። መሬቱን የሚለሰልሱለት ጎማዎቹ ብቻ ናቸው፤ ክብደቱ በስድስት ወይም በስምንት ለስላሳ ጎማ ላይ ስለሚበተን፣ ሰው በእግሩ ሲቆም መሬቱን ከሚጫነው ያነሰ ነው የሚጫነው። ሞተሩ ኃይሉን በሰንሰለት ለሁሉም ጎማ ያደርሳል። የፊት ጎማው ግን ወደ ጎን አይዞርም። አርሶ አደር ትልሙ ጫፍ ደርሶ ጥማዱን ሲመልስ ያየ ሰው አዟዟሩን ወዲያው ይረዳዋል፤ የውስጡ በሬ ባለበት ሲረግጥ የውጭው ዞሮ ይመጣል። ማክስና አቴክስን በመሰሉት ላይ ይህን የሚሠራው “ቲ 20” የሚባለው የቦርግ ዋርነር ካምቢዮ ነው፤ ሁለት እጀታዎች አሉ፤ የግራውን ስትስበው የግራ ጎማዎች በሙሉ ይቆማሉ፣ ሁለቱን ስትስብ ማሽኑ ይቆማል። አርጎ ደግሞ በዲፈረንሺያል አንዱን ጎን ሲያዘገይ ሌላውን ያፈጥናል።

ልዩነቱ አስፋልት ላይ ቀልድ ነው፤ ማጥ ውስጥ የሞት ሽረት ነው። እጀታውን የሳበ ሰው የማሽኑን ግማሽ ጉልበት አቆመ ማለት ነው፤ ጭቃ ደግሞ የቆመን ነገር ይወዳል። ስለዚህ የለመዱት ነጂዎች መስመራቸውን ከዳር ሆነው ይመርጣሉ፤ አንዴ ከገቡ በኋላ እስኪወጡ ድረስ መሪ አይነኩም። መዞር ግድ ከሆነ በትንሽ በትንሹ፣ እየሳቡ እየለቀቁ ነው።

ጭቃ ራሱ አንድ ዓይነት አይደለም። ውሃው የበዛበት ስስ ጭቃ ለተንሳፋፊ ማሽን ሠርግና ምላሽ ነው፤ ሆዱ ላይ ተኝቶ ጎማዎቹን እንደ መቅዘፊያ ያዞራል፣ በሰዓት አራት አምስት ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ሰው ፈጠን ብሎ ቢራመድ ይቀድመዋል፤ ግን የሚራመደው ሰው እዚያ ውስጥ እስከ አንገቱ ይሰጥም ነበር። ዋልካ ግን ጠላት ነው። የጎማውን ጥርስ ሞልቶ ድቡልቡል ያደርገዋል፣ ከገንዳው ሆድ ሥር ተለጥፎ ይይዛል፤ ማሽኑ ሲጎተት አየር እስኪገባበት ድረስ አይለቅም። ከሁለቱ የሚከፋው መካከለኛው ነው፤ ለመንሳፈፍ የወፈረ፣ ለመርገጥ የቀጠነ። እዚያ ላይ የሚያዋጣው ተሳፋሪው ነው። ወደ ፊት ዘንበል፣ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ እያሉ ማሽኑን ያወዛውዙታል፤ አንዱ ጎማ ሥር ወይም ጠንካራ ነገር ከነከሰ ሁሉም ይወጣል። ስምንት ጎማ ያላቸው ላይ የጎማ ሰንሰለት እንደ ታንክ ሲገጠም ዓለም ይለወጣል፤ ዋጋው ክብደትና የካምቢዮ ድካም ነው።

እኛ ዘንድ ከድጡ ወደ ማጡ የሚባለው መከራ ሲደራረብ ነው። የእነዚህ ማሽኖች ነጂዎች ግን የመግቢያ ከፍለው ይሄዱበታል። ኢንዲያና ውስጥ በሎረል ያለው ሃስፒን ኤከርስ፣ በሰሜን ካሮላይና ጎልድስቦሮ አጠገብ ያለው በስኮ ቢች፣ በቴክሳስ ጃክሰንቪል ያለው መድ ክሪክ ጭቃ ወዳዶች የሚጎርፉባቸው ቦታዎች ናቸው። ቴክሳስ ላይ አውራዎቹ ባለአራት ጎማዎቹ ናቸው፤ እንደ ግመል ከፍ ብለው፣ የአየር መሳቢያቸውን ከመሪው በላይ አቁመው፣ ጥርሱ ጣት የሚያህል ጎማ አስረው ይገባሉ። የባለስድስት ጎማዎቹ ሰዎች ጠባይ ሌላ ነው። ከመካከላቸው ከአባቱ ጋራዥ አቧራ ውስጥ የ1970ዎቹን አቴክስ አውጥቶ ሞተሩን የቀየረ አይጠፋም። ፍጥነት አይጨነቁበትም። የቀኑ ድምቀት አንዱ ተቀርቅሮ ሌላው ገመድ ሲወረውርለት ነው፤ ጎታቹም ብዙ ጊዜ አጠገቡ ይቀረቀራል። ትልቁ ውርደት ጭቃ ውስጥ መቅረት ሳይሆን የገንዳውን የውሃ ማፍሰሻ ቡሽ ሳይከድኑ ኩሬ ውስጥ መግባት ነው። ማታ ላይ ሁሉም ሰው ውሃ እየረጨ፣ ግራሶ እየነፋ ያመሻል፤ ያን ያልሠራ ሰው ለሚቀጥለው ጊዜ ኩሽኔታ ይገዛል። እኔ ብጠየቅ ከውድድሩ ይልቅ ይህን እመርጣለሁ፤ የኔፕልሱ ፉክክር ጥሩ ትርዒት ነው፣ ጭቃን ግን ሰው ቀስ ብሎ ሲሄድበት ነው የሚያውቀው።

የዚህ ዘር አዲሱ አባል ከሩሲያ ነው የመጣው። የሴንት ፒተርስበርጉ አሌክሲ ጋራጋሽያን የነደፈው “ሼርፕ” አራት ጎማ ብቻ አለው፤ እያንዳንዱ ጎማ ግን ቁመቱ 1.6 ሜትር ነው። የሚዞረው ልክ እንደ ማክስ አንዱን ጎን በመያዝ ነው። ጎማውን የሚነፋው ራሱ የሞተሩ ጭስ ሲሆን፣ ነጂው እንደ መሬቱ ጠባይ ያጠብቀዋል፣ ያላላዋል። ገንዘብ የተረፋቸው ሰዎች ለመዝናኛ ገዙት። ከዚያ የዓለም ምግብ ፕሮግራም ለደቡብ ሱዳን ወሰደው።

ደቡብ ሱዳን ውስጥ ዝናቡ ሲገባ አብዛኛው መንገድ ይዘጋል። ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርደው ባሮ ከፒቦር ጋር ተቀላቅሎ ሶባት ተብሎ ወደ ነጭ አባይ የሚገባው በዚያው ሜዳ ነው፤ ውሃው ሲያጥለቀልቅ ሜዳው ለወራት ረግረግ ሆኖ ይቆያል። ከባድ መኪና እዚያ አይገባም። ከአውሮፕላን እህል የመጣል ወጪ ደግሞ በመኪና ከማድረስ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ሼርፖቹ እህሉን ጭነው፣ ደረቁን እየሄዱ ውሃውን እየዋኙ፣ ጀልባም መኪናም ብቻውን የማይደርስባቸው መንደሮች ይደርሳሉ። የሚሄዱበት ፍጥነት ውሃ ላይ በሰዓት ስድስት ኪሎ ሜትር ያህል ነው።