ስለ ረግረግ መሬት ካርታ፤ ምሳሌው ጊዳ አያና

የመንግሥት ሥራ የሚሠራ ሰው በእግሩ ያልረገጠውን አገር በወረቀት ላይ ማየት ግዴታው ነው። በነቀምት ከተማ በጽሕፈት ጠረጴዛ ፊት የተቀመጠ ሹም ስለ ጊዳ አያና መሬት ይጠየቃል፤ አዲስ አበባ የተቀመጠው ደግሞ ስለ ወለጋ ሁሉ ይጠየቃል፤ ሁለቱም መልስ የሚሰጡት ካርታ ዘርግተው ነው። ስለዚህ ካርታው የሚናገረውንና የማይናገረውን ለይቶ ማወቅ ለባለሥልጣን እንደ ሕግ ዕውቀት የሚያስፈልግ ነገር ነው። የዛሬው ንግግራችን «ረግረግ ሊሆን የሚችል መሬት» ስለሚባለው ካርታ ነው። የምንጠቅሳቸውም ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድመን ስለ ስሙ ጥቂት እንበል። ውሃ የማይለየውን ለምለም መስክ ኦሮምኛም አማርኛም ጨፌ ይሉታል። በገዳ ሥርዓት ሕዝቡ ለምክርና ለሕግ የሚሰበሰብበት ሸንጎ በዚሁ ስም ይጠራ ነበር፤ ዛሬም የኦሮሚያ ክልል ምክር ቤት ስሙ ጨፌ ነው። ለዓውደ ዓመት በየቤታችን የሚጎዘጎዘው ቄጤማ የሚታጨደውም ከእንዲህ ያለው ስፍራ ነው። እንግዲህ ሕዝቡ ይህን መሬት ባዶና ከንቱ ብሎ አያውቅም ማለት ነው። ባዶ የሚል ስም የሚያገኘው ብዙ ጊዜ በወረቀት ላይ ነው።

ወረቀቱ ረግረግን ዘግይቶ ማየቱ የታወቀ ታሪክ አለው። አንቷን ዳባዲ የተባለው ፈረንሳዊ በ1830ዎቹና በ1840ዎቹ እስከ እናርያ ድረስ ተጉዞ ኢትዮጵያን በለካ ጊዜ ሥራውን የሠራው ከተራራ ወደ ተራራ እያነጣጠረ ነበር፤ እንዲህ ያለው አለካክ ከፍ ያለውን ያያል፤ ዝቅ ብሎ የተኛውን ግን ያልፈዋል። ከዚያ በኋላ በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ቺዝማን የዓባይን አካሄድ ተከታትሎ መርምሮ መጽሐፉን በ1936 አሳተመ። ከ1958 እስከ 1964 ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት ባለሙያዎች ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋራ በመሆን የዓባይን ተፋሰስ መሬትና ውሃ አጥንተው 17 ቅጽ የሞላ ጽሑፍ አቀረቡ። በዚህ ጥናት የአንገር ሸለቆ ለመስኖ፣ ፊንጫ ደግሞ ለኤሌክትሪክ ኃይል ታስበው ነበር።

የፊንጫ ግድብ በ1973 ተሠርቶ ሲያልቅ የጮመን ረግረግ በውሃ ተዋጠ። ግድቡ ለአገር መብራት ሰጥቷል፤ ይህ አይካድም። ነገር ግን ኋላ በተደረገው ልኬት ውሃው የሸፈነው ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን ረግረግ ብቻ ሳይሆን፣ ወደ 120 ካሬ ኪሎ ሜትር የግጦሽ መሬትና 18 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል እርሻም ጭምር እንደ ሆነ ታወቀ። የከፍታ መስመር የሸለቆውን ጥልቀት ያሳያል፤ የበጋ ከብት የት እንደሚሰማራ ግን የከፍታ መስመር አይናገርም።

አሁን ወደ ጊዳ አያና እንመለስ። ወረዳው ከነቀምት በስተ ሰሜን ወደ ዓባይ አቅጣጫ ይገኛል። የአንገር ወንዝ በቆላው ሜዳ አልፎ ከደዴሳ ይቀላቀላል፤ ደዴሳም ወደ ዓባይ ይገባል። ለሰፈራና ለእርሻ ሲፈለግ የኖረው ይህ ሜዳ ነው። ታዲያ አንድ ሰው ከነዚህ ወንዞችና ከገባሮቻቸው ዳር የትኛው መሬት ውሃ እንደሚይዝ ከቢሮው ሳይወጣ ለማወቅ ቢፈልግ እንዴት ያደርጋል?

ዘዴው አራት ዓይነት መረጃ በኮምፒዩተር ላይ አንዱን በሌላው ላይ መደረብ ነው። የመጀመሪያው የመሬት ከፍታ ነው። ከዚህ ሁለት ነገር ይሰላል፤ ከላይ ከስንት መሬት የመጣ ውሃ ወደ ቦታው ይወርዳል? ከደረሰስ በኋላ ቁልቁለቱ ያስኬደዋል ወይስ ሜዳው ያስተኛዋል? ይህን ስሌት ቤቨንና ከርክቢ የተባሉ የእንግሊዝ አገር ሊቃውንት በ1979 አሳትመውታል። ሁለተኛው የአፈር ካርታ፣ ሦስተኛው የዝናብ ልክ፣ አራተኛው ከ1972 ጀምሮ በሳተላይት የሚነሣው የመሬት ሥዕል ነው። አራቱ የተስማሙበት ቦታ «ረግረግ ሊሆን ይችላል» ተብሎ ቀለም ይቀባል።

ዘዴው ጠቃሚ ነው። አንድ ባለሙያ በወር የማያዳርሰውን አገር በአንድ ቀን ያሳያል፤ ወዴት ሄዶ መመርመር እንደሚገባም ይጠቁማል። ይሁን እንጂ ከአራቱ እያንዳንዱ የራሱ ጉድለት አለው።

ከፍታውን እንውሰድ። ብዙ ሰው የሚሠራበት የከፍታ መረጃ በፌብሩዋሪ 2000 የአሜሪካ መንኮራኩር በ11 ቀን በራዳር የለካው ነው። መሬቱን የሚከፋፍለው እያንዳንዱ ጎን 30 ሜትር በሆነ አራት ማዕዘን ስለ ሆነ፣ ከአንድ ምንጭ ሥር የተኛች ጠባብ ጨፌ በውስጡ ትጠፋለች። የተፈቀደለትም የከፍታ ስሕተት እስከ 16 ሜትር ነበር፤ በተራራ ላይ ይህ ምንም አይደለም፤ በወንዝ ዳር ሜዳ ላይ ግን ውሃ የሚተኛበትንና የማይተኛበትን የሚለየው አንድ ሜትር ነው። ደግሞም ራዳሩ ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ባለበት ስፍራ ወደ አፈሩ ሳይደርስ ይመለሳል።

አፈሩን እንውሰድ። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ከዩኔስኮ ጋራ ያሳተመው የዓለም አፈር ካርታ መጠኑ አንድ ለአምስት ሚሊዮን ነው፤ ይህም ማለት በወረቀቱ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር በምድር ላይ አምስት ኪሎ ሜትር ነው። በዚህ ውስጥ የአንድ ቀበሌን ጨፌ መፈለግ በከንቱ መድከም ነው። መረሬ አፈርም ሌላ ችግር ያመጣል፤ በክረምት ውሃ ይዞ ረግረግ ይመስላል፤ በበጋ ግን ተሰነጣጥቆ ይደርቃል።

የሳተላይቱ ሥዕል ደግሞ ረግረጉ በሚሞላበት በክረምት ጊዜ የወለጋ ሰማይ በደመና ስለሚጋረድ፣ ጥርት ያለው ሥዕል ብዙ ጊዜ የሚገኘው ውሃው ከሸሸ በኋላ በበጋ ነው። ከ2014 ወዲህ ያሉት ባለ ራዳር ሳተላይቶች በደመና ውስጥ ያያሉ፤ በጥቅጥቅ ዛፍ ሥር የተኛውን ውሃ ግን እነርሱም በደንብ አይለዩትም።

ከሁሉም የሚብሰው መደራረቡ ራሱ የሚያመጣው ስሕተት ነው። የቀድሞዎቹ የኢትዮጵያ ካርታዎች የተለኩት በግብጽና በሱዳን ወሰን አጠገብ ከሚገኘው ከአዲንዳን የልኬት ነጥብ ተነሥቶ ነው፤ የሳተላይት መረጃ ግን በሌላ መነሻ ይለካል። ይህን ሳያስተካክል ሁለቱን የደረበ ሰው ወንዙን ከ100 ሜትር በላይ ያዛውረዋል፤ ጨፌውም ከኮረብታው ወገብ ላይ ይወጣል። የአራት ካርታ ድምር ከአራቱ ደካማ ከሆነው የበለጠ እምነት ሊጣልበት አይገባም።

ደግሞም የሰው እጅ አለ። ገበሬ ቦይ ቀድዶ ያጠነፈፈው ወይም ባሕር ዛፍ የተከለበት ስፍራ በስሌቱ ዘንድ አሁንም ረግረግ ነው። የፈረንሳይ ሊቃውንት በ2014 ለአገራቸው ሁሉ እንዲህ ያለ ካርታ ባወጡ ጊዜ «ሊሆን ይችላል» የሚለውን ቃል ከነስሙ አትመው፣ የመሆኑን ተስፋ በሦስት ደረጃ ከፍለው ማሳየታቸው ስለዚህ ነው።

እንግዲህ ክቡራን አንባቢያን፤ አደጋው የሚመጣው ካርታው ከባለሙያው እጅ ወጥቶ ወደ መዝገብ ቤት ሲገባ ነው። «ሊሆን ይችላል» የሚለው ቃል በመጀመሪያው ደብዳቤ ይጻፋል፤ በሁለተኛው ይቀራል፤ በሦስተኛው ቀለም የተቀባው «ረግረግ ነው»፣ ያልተቀባው «ደረቅና ያልተያዘ ነው» ይባላል። ያን ጊዜ ለኢንቨስትመንት ወይም ለሰፈራ የሚፈረመው ፊርማ የአንድ መንደር የበጋ ውሃና ግጦሽ ያለበትን መሬት ሊሰጥ ይችላል።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ካርታ ከፊታችሁ ሲቀርብ መጠኑንና መረጃው የተሰበሰበበትን ወር ጠይቁ፤ «ሊሆን ይችላል» የሚለው ቃልም ከመዝገቡ እንዳይወጣ ጠብቁ። መርማሪ ሲላክ ሁለት ጊዜ ይላክ፤ አንድ ጊዜ በመስከረም፣ አንድ ጊዜ በየካቲት። የቦታ ስም የሚያውቁ ሽማግሌዎችም ይጠየቁ፤ ጨፌ፣ ቡርቃ፣ ሐሮ የሚሉት ስሞች መስኩን፣ ምንጩንና ሐይቁን የሚያመለክቱ፣ ከሳተላይት በፊት የተጻፉ የአገሩ ካርታ ናቸውና። ከወረቀቱና ከሽማግሌው ቃል አንዱ ከሌላው ባልተስማማ ጊዜ ፊርማው ይቆይ፤ መሬቱ ይታይ።