ያየነው እና የደመደምነው

ዛሬም ከብኤር ሼቫ፣ ከሃዒር ሃዓቲቃ ነው የምናገረው። የታሪክ ባግሩት የሚፈተኑ ልጆችን አስጠናለሁ። እና ከሁሉም የሚከብዳቸው ዓመተ ምሕረት መሸምደድ እንዳይመስላችሁ፤ «ታጽፒት» እና «ማስካና»ን መለየት ነው። በአማርኛችን ያየነው፣ እና ካየነው ተነስተን የደመደምነው ማለት ነው።

ከቅርባችን ልጀምር፣ ከቴል ብኤር ሼቫ። በ1973 የአርኪዮሎጂስቱ ዮሐናን አሃሮኒ ቡድን እዚያ ሲቆፍር፣ በአንድ የጥንት መጋዘን ግድግዳ ውስጥ ለየት ያሉ ጥርብ ድንጋዮች አገኘ። አራቱ ቀንድ አላቸው፣ የአንደኛው ጫፍ ተሰብሯል። በሌላ ድንጋይ ላይ እባብ ተቀርጿል። ታጽፒቱ ይኸው ነው፣ አለቀ።

ድንጋዮቹ ሲገጣጠሙ የመሥዋዕት መሠዊያ ሆኑ። ታዲያ ማን አፈረሰው? አሃሮኒ «ንጉሥ ሕዝቅያስ ነው» አለ። ይጋኤል ያዲን ደግሞ «የለም፣ ኢዮስያስ ነው» ብሎ ተከራከረ። ኢዮስያስ እኮ የሕዝቅያስ የልጅ ልጅ ልጅ ነው! ድንጋዩ ግን ያው ድንጋይ ነው። ልጆቹ እባቡን ሲያዩ ወዲያው «ሕዝቅያስ የሰባበረው የነሐስ እባብ!» ይሉኛል። ጎበዞች ናቸው፣ ግን እሱም ማስካና ነው።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። የሰባተኛ ክፍል «አቮዳት ሾራሺም» ትዝ ይላችኋል? አንዱ ጽሑፍ «ቤተ እስራኤል የዳን ነገድ ናቸው» ይላል፣ ሌላው «ኢትዮጵያ ውስጥ የተፈጠሩ ናቸው» ይላል፤ ሁለቱም በዓይኑ ያየ ሰው የጻፈው ይመስላል። እስኪ በእውነት የታየው ምንድን ነው? ዮሴፍ ሃሌቪ በ1867 እና በ1868 ሄዶ ያገኘው፣ ኦሪትን በግዕዝ የሚያነቡ፣ ሰንበትን አጥብቀው የሚጠብቁ፣ ታልሙድን የማያውቁ፣ ሃኑካን የማያከብሩ ሰዎችን ነው።

አንዳንዱ ከዚህ ተነስቶ «ሃኑካ ከመጀመሩ በፊት ከሌላው አይሁድ ተለይተዋል» አለ። እንደ ስቲቨን ካፕላን ያሉ ተመራማሪዎች ደግሞ የግዕዝ ጽሑፎችን መርምረው፣ ማኅበረሰቡ የምናውቀውን መልክ የያዘው እዚያው ኢትዮጵያ፣ ከ14ኛው እስከ 16ኛው መቶ ዘመን ነው አሉ። ሁለቱም ማስካና ናቸው፤ ማስረጃቸው ይመዘን።

ማስካና ሁልጊዜ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ራቭ ዖቫድያ ዮሴፍ በዚያው በ1973፣ ራድባዝ በ16ኛው መቶ ዘመን የጻፉትን ይዘው ከዳን ነገድ ናቸው ብለው ፈረዱ። በ1975 ሖክ ሃሽቩት ለእኛም ሆነ። ወላጆቻችን የገቡበት በር እሱ ነው። ከዚያ ደግሞ ዋናው ራባኑት የጋብቻና የፍቺ ሥርዓታቸው ያጠራጥራል ብሎ፣ ለማግባት ጥቢላ ጠየቀ፤ እያንዳንዱን ሰው አጣርቶ ሳይሆን ለሁሉም በጅምላ። በ1985 ትልልቆቻችን ኢየሩሳሌም ሄደው ራባኑት ፊት ለፊት ለሳምንታት ተቀመጡ። ይኼን ታሪክ ለልጆቹ ሳልነግር አላልፍም።

አንዱ ልጅ ታዲያ «አያቴ ‹ከኢየሩሳሌም ነው የመጣነው› ትላለች። ይኼስ የቱ ነው?» አለኝ። «አያትህ እንዲህ ማለታቸው ታጽፒት ነው፤ በጆሮህ ሰምተሃል። አሁን ከማን እንደሰሙ፣ የት ሆነው እንደሰሙ ጠይቃቸው፣ ጻፈው» አልኩት። በሳምንቱ ደብተሩን ይዞ መጣ። የመጀመሪያው መስመር ላይ «ከአባቷ፣ አምቦበር፣ ማታ እሳት ዳር» ይላል።