የመሣሪያውና የቤቱ ባለቤት፤ በካዛንቺስና በአካባቢው ራሱን ችሎ ስለሚያድር ሙዚቀኛ

ስለ አዲስ አበባ ሙዚቃ የተጻፉት ድርሰቶች አብዛኞቹ የሚያተኩሩት በዘፋኞች ዝናና በዜማዎች ውበት ላይ ነው። ሙዚቀኛው የሚጫወትበት መሣሪያ የማን ንብረት እንደ ነበረ፤ የሚጫወትበት ቤት በማን እጅ እንደ ነበረ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው። ሆኖም አንድ ባለሙያ ምን እንደሚጫወት፤ ከማን ጋር እንደሚጫወትና በሙያው እንዴት እንደሚያድግ ከሚወስኑት ምክንያቶች ዋነኞቹ እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ጥያቄውን ለመመርመር ቡልጋሪያና ካዛንቺስ የሚባሉትን ሰፈሮች የያዘው የቂርቆስ ክፍለ ከተማ የተመቸ ምሳሌ ይሰጣል።

በመጀመሪያ፤ ራሱን የቻለ ሙዚቀኛ በኢትዮጵያ አዲስ ነገር አለመሆኑን ማስታወስ ይገባል። አዝማሪው የማሲንቆው ባለቤት ነው፤ ሙያውን የሚማረው ከአባቱ ወይም ከዘመዱ ነው፤ እንጀራውንም የሚያገኘው ከደመወዝ ሳይሆን ከአድማጩ እጅ ነው። ከሙያ ጓደኞቹ ጋር የሚግባባበት፤ ሌላው ሰው የማይረዳው የራሱ ቋንቋ እንኳ አለው። የጎደለው ነገር ቢኖር የራሱ ቤት ነው፤ በሠርግና በግብዣ፤ በጠጅ ቤትና በመኳንንት አዳራሽ ሁሉ እንግዳ ነውና። ገዥዎች ይህን ነጻነት ሁልጊዜ በበጎ ዓይን አላዩትም። በ1929 ዓ.ም.፤ ከየካቲት 12 ጭፍጨፋ በኋላ፤ የኢጣልያው ግራዚያኒ አዝማሪዎችና ጠንቋዮች ተይዘው እንዲገደሉ አዟል። ካዛንቺስ የሚለው ስም የመጣውም ይኸው መንግሥት ለሠራተኞቹ ቤት ይሠራበት ከነበረው ድርጅት አሕጽሮተ ስም ነው። ያ ሰፈር ከግማሽ ምዕት ዓመት በኋላ የአዝማሪ ቤቶች መናኸሪያ መሆኑ የታሪክን አካሄድ ያስገነዝባል።

ዘመናዊው ሙዚቃ ግን በሌላ መንገድ አደገ። በ1916 ዓ.ም. አርባዎቹ የአርመን ልጆች ከመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር ከመጡ ጀምሮ ሙዚቃ የመንግሥት ሥራ ሆነ። በ1927 ዓ.ም. ሀገር ፍቅር፤ በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተቋቋሙ፤ ክቡር ዘበኛ፤ ፖሊስና ጦር ሠራዊትም የየራሳቸው ኦርኬስትራ ነበራቸው። እነዚህ ተቋሞች ለሙዚቀኛው ብዙ ውለታ ውለውለታል፤ ኖታ አስተምረውታል፤ መሣሪያ ሰጥተውታል፤ ደመወዝ ቆርጠውለታል። ዳሩ ግን ሳክስፎኑ የመንግሥት ነበር፤ ልብሱም የመንግሥት ነበር፤ ስለዚህ የሚጫወተውን የሚመርጠው በአብዛኛው አለቃው ነበር።

ከዚህ አጥር ለመውጣት የመጀመሪያው ትልቅ እርምጃ የተወሰደው በሸክላ ነው። ሸክላ የማሳተም መብት በ1940 ዓ.ም. ለሀገር ፍቅር ብቻ በአዋጅ ተሰጥቶ ሳለ፤ ወጣቱ የሙዚቃ ቤት ባለቤት አምሃ እሸቴ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1969 የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን ሕንድ አገር አሳትሞ አስመጣ። አዋጁ እንዳለ ቢሆንም ሥራው አልቆመም፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ100 በላይ ሸክላዎች ወጡ። አምሃ አብዮቱ ከፈነዳ በኋላ በ1975 አገሩን ለቆ ወደ አሜሪካ ሄደ።

ሁለተኛው እርምጃ በመሣሪያ ረገድ ነው። በዚያ ዘመን የምሽት ክበብ ባለቤት የመሣሪያውም ባለቤት ስለ ነበረ፤ ባንዱ ቤቱን ሲለቅ ባዶ እጁን ይወጣ ነበር። የዋልያስ ባንድ አባሎች ግን መሣሪያቸውን በገዛ ገንዘባቸው ገዙ፤ በዚህም የተነሣ በካዛንቺስ አጠገብ ካለው ከሂልተን ሆቴል ጋር እንደ እኩል ተዋዋይ ለመነጋገር ቻሉ። ከመካከላቸው ኃይሉ መርጊያ የሙዚቃን ሀ ሁ የቆጠረው በጦር ሠራዊት ውስጥ በልጅነቱ ነው፤ ስለዚህ ነጻው ባንድ ከተቋሞቹ ጋር የተቃረነ ሳይሆን የእነርሱን ትምህርት ይዞ የወጣ ነበር ማለት ይቻላል። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ ስለ ታወጀ፤ እንግዶቹ ከሆቴሉ ሳይወጡ ያድሩ፤ ባንዱም እስኪነጋ ይጫወት እንደ ነበር ኃይሉ ተናግሯል። ከተማውን ዝም ያሰኘው ሕግ ለእነዚህ ሙዚቀኞች ረጅም የልምምድ ሌሊት ሆነላቸው።

ዋልያስ በ1981 ወደ አሜሪካ ሲሄድ ከአባሎቹ ከፊሎቹ በዚያው ቀሩ። ኃይሉ በ1985 አኮርዲዮንንና የኤሌክትሪክ ኪቦርዶችን እያደባለቀ ለብቻው አንድ ካሴት ቀረጸ፤ ከዚያም በዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ፤ ተሳፋሪ በሚጠብቅበት ሰዓት ኪቦርዱን ከመኪናው ሻንጣ እያወጣ ይለማመድ ነበር። ያ ካሴት በ2013 ዳግም ሲታተም የዓለም አድማጭ አገኘ። መሣሪያው የራሱ የሆነ ሰው አድማጭ ቢያጣ እንኳ ሙያውን እንደማያጣ ይህ ያስረዳል።

ሦስተኛው እርምጃ የቤት ነው። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ወድቆ የሌሊቱ ሕይወት ሲመለስ በካዛንቺስ የአዝማሪ ቤቶች ተበራከቱ፤ ይኸን ጊዜ አዝማሪው እንግዳ መሆኑ ቀርቶ ባለቤትም መሆን ጀመረ። ከነዚህ ቤቶች አንዱ ፈንድቃ ነው። ተወዛዋዡ መላኩ በላይ በዚያ ቤት ለሽልማት ብቻ እየጨፈረ፤ ሌሊት እዚያው እየተኛ ዓመታት እንዳሳለፈ ራሱ ተናግሯል። በመጨረሻም ቤቱን ተረክቦ የማሲንቆ ተጫዋቹን ከጃዝ ሙዚቀኛ፤ ሠዓሊውን ከገጣሚ ጋር የሚያገናኝ የባህል ማዕከል አደረገው። ለአለቃ ሳይሆን በየሌሊቱ ለሚመጣ አድማጭ የሚጫወት ሰው ስሕተቱን ወዲያው ያውቃል፤ አዲስ ነገር ለመሞከርም የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። እንዲህ ያለው ቤት ትምህርት ቤት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ ነባር ሰፈር ለኮሪደር ልማት ፈረሰ፤ ፈንድቃም ከቀድሞው ግቢው ወጣ። ከተማ መታደሱን የሚቃወም ምሁር አይኖርም። ነገር ግን ከላይ የተዘረዘረው ታሪክ አንድ ልዩነት ያሳያል፤ ማሲንቆም ሆነ ኪቦርድ ከባለቤቱ ጋር ይሰደዳል፤ ደቀ መዝሙሩ ከአዋቂው፤ አድማጩም ከሁለቱ ጋር የሚገናኝበት ቤት ግን አይሰደድም። ማዕከሉ አዲስ ሕንጻ ቢያገኝ እንኳ፤ ሰፈሩ የገነባው ጉርብትና በአንድ ጊዜ የሚተካ አይደለም። ስለዚህ የአዲስ አበባን ሙዚቃ ታሪክ የሚያጠና ተማሪ ዘፈኖቹን ከመሰብሰቡ ጋር የፈረሱትን ቤቶች ባለቤቶች፤ አሠራርና የዕለት ውሎ፤ የሚያውቁት ሰዎች በሕይወት ሳሉ ጠይቆ ቢመዘግብ፤ ለሚቀጥለው ትውልድ ዜማው ብቻ ሳይሆን ዜማው ያደገበት መንገድም ይተላለፍለታል።